የጥላ ተክል ታሪክ፦ ከለንደን ጠርሙስ እስከ ኒምራ ታላታ ግቢ

የጁባ በጋ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሲዘልቅ ሰማዩ ከደመና ይጠራል፣ ነፋሱ ይደርቃል፣ የቀኑ ሙቀትም በየካቲትና በመጋቢት በአማካይ ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በኒምራ ታላታ፣ ማለትም በአካባቢው ዓረብኛ “ቁጥር ሦስት” በሚባለው ሰፈር፣ የማንጎና የኒም ዛፍ ጥላ ዋጋው የሚታወቀው በዚህ ወቅት ነው። በዚያ ጥላ ሥር ፈርን የተባለውን ባለ ላባ ቅጠል ተክል ለማሳደግ የሚሞክር ሰው ግን አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። ተክሉ ፀሐይ አይነካውም፤ ጧትና ማታም ውሃ ይጠጣል፤ ይሁንና ቅጠሎቹ ከጫፋቸው እየደረቁ ይረግፋሉ። የእንቆቅልሹ መልስ የተገኘው በሞቃታማ አገር ሳይሆን፣ የድንጋይ ከሰል ጭስ በጋረዳት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ነበር።

ከመልሱ በፊት የተክሉን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ፈርን አበባም ፍሬም የለውም። የፈርን ወገን አበባ ያላቸው ዕፅዋት ከመፈጠራቸው እጅግ ቀደም ብሎ፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በምድር ላይ ነበረ። የሚራባው በቅጠሉ ጀርባ በሚታዩት ቡናማ ነጠብጣቦች ውስጥ በሚገኝ፣ ስፖር በሚባል ብናኝ ነው። ብናኙ እርጥብ መሬት ላይ ሲያርፍ በመጀመሪያ ከጥፍር ያነሰች አረንጓዴ ቅጠል መሳይ ነገር ይሆናል። በእርሷ ላይ ወንዴውና ሴቴው የሚገናኙት ስስ የውሃ ሽፋን ሲኖር ብቻ ነው፤ አዲሱ ፈርን የሚበቅለውም ከዚህ በኋላ ነው። ከሁሉም ይበልጥ ስስ የሆኑት የፈርን ዝርያዎች የቅጠላቸው ውፍረት ከአንድ ሕዋስ አይበልጥም። እንዲህ ያለ ቅጠል ውሃውን ይዞ ማቆየት ስለማይችል፣ በዙሪያው ያለው አየር ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል።

ይህ የመራቢያ ምሥጢር ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖሯል። የአውሮፓ ገበሬዎች ፈርን ዘሩ የማይታይ ተክል ነውና ያንን ዘር ያገኘ ሰው ከዓይን ይሰወራል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1794 ግን በጃማይካ ደሴት ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጆን ሊንድሴይ፣ የቅጠሉን ብናኝ በእርጥብ አፈር ላይ ዘርቶ ፈርን ማብቀሉን ገለጠ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሆፍማይስተር ደግሞ በ1851 የሁለቱን የሕይወት ደረጃዎች ቅደም ተከተል በዝርዝር አብራራ።

እንዴት እንደሚራባ ማወቅ ግን ከአገሩ ውጭ ለማኖር አላስቻለም። በምሥራቅ ለንደን ይኖር የነበረው ሐኪም ናትናኤል ባግሾው ዋርድ በግቢው ፈርን ለማሳደግ ደጋግሞ ቢጥርም የከተማው ጭስ እየገደለበት ተስፋ ቆርጦ ነበር። በ1829 ገደማ፣ ገና ክንፍ ያላወጣች የእሳት እራት ከነሽፋኗ በእርጥብ አፈር ላይ አድርጎ በጠርሙስ ከደናት። ሐሳቡ የእሳት እራቷን አወጣጥ ለማየት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ከአፈሩ አንዲት ፈርንና አንዲት ሣር በቅለው አገኘ። ዋርድም አንድ ነገር አስተዋለ፦ ቀን ከአፈሩ የሚተነው ውሃ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ፣ ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ተክሎቹ ተጨማሪ ውሃ ሳይጠጡ ለአራት ዓመታት ያህል ኖሩ። የሞቱትም ክዳኑ ዝጎ የውጭው ነገር ከገባ በኋላ ነበር። እንግዲህ ፈርኑ ያጣው ውሃ አልነበረም፤ ያጣው ውሃውን ይዞ የሚያቆይ አየር ነበር።

በ1833 ዋርድ በፈርንና በሣር የተሞሉ ሁለት የመስታወት ሣጥኖችን በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ላከ። ተክሎቹ ከወራት ጉዞ በኋላ በሕይወት ደረሱ። ሣጥኖቹ በ1834 የአውስትራሊያ ተክሎች ተሞልተው ሲመለሱም በውስጣቸው የነበረው ስስ ፈርን አረንጓዴ እንደ ሆነ ነበር። የታወቀው የለንደን ተክል ነጋዴ ጆርጅ ሎዲጅስ እንደመሰከረው፣ ቀድሞ በባሕር ጉዞ ከሃያ ተክል አሥራ ዘጠኙ ይሞትበት የነበረው፣ በሣጥኑ ምክንያት ከሃያው አሥራ ዘጠኙ የሚተርፍለት ሆነ። የሣጥኑ ጥቅም በፈርን ብቻ አልተወሰነም። በ1840ዎቹ መጨረሻና በ1850ዎቹ መጀመሪያ የቻይና የሻይ ችግኞች ወደ ሕንድ፣ በ1876 ደግሞ የብራዚል የጎማ ዛፍ ችግኞች ከለንደን ወደ ሲሎን በዚሁ ሣጥን ተጓዙ። ለአንዲት ፈርን ሲባል የተገኘው ዘዴ የአገሮችን ሀብት ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ።

ከዚህ ታሪክ ጎን አሳዛኝ ምዕራፍም አለ። በመስታወት ሣጥን ፈርን ማሳደግ በእንግሊዝ ከተሞች እንደ ወረርሽኝ ተስፋፋ፤ ደራሲው ቻርልስ ኪንግስሊ በ1855 ለዚህ እብደት የራሱ ስም እስከ ማውጣት ደረሰ። ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች ከየሸለቆው ፈርን እየነቀሉ ሸጡ። ቅጠሉ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፈው የአየርላንዱ የኪላርኒ ፈርን በዚህ ምክንያት ከብዙ ስፍራ ጠፋ፤ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ተክል ነው። ፈርንን በቤት ማኖር የተቻለበት ዘመን፣ ፈርን ከገዛ ቤቱ የተባረረበት ዘመንም ሆነ።

ይህ ምዕራፍ ለኢትዮጵያና ለደቡብ ሱዳን ሰው ሩቅ አይደለም። በከፋና በሸካ ደኖች የዛፍ ቁመት ያለው ፈርን በወንዝ ዳር ይበቅላል፤ ቡናም በዚያው ደን ጥላ ሥር የተገኘ ተክል ነው። ከጁባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በኡጋንዳ ድንበር በተዘረጉት የኢማቶንግ ተራሮች ደግሞ፣ 3,187 ሜትር ከፍታ ካለው የኪኒየቲ ጫፍ በታች ፈርን የሚስማማው እርጥብ ደን አለ። ሁለቱን አካባቢዎች በጥናት ካገናኙት ሊቃውንት አንዱ ዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስ ነው፤ የኢማቶንግን አካባቢ ዕፅዋት ከባልደረባው ጋር መዝግቧል፣ በኢትዮጵያም ከሰብስቤ ደምሰውና ከሌሎች ምሁራን ጋር ሠርቷል። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሥራ የተጠናቀቀው በ2009 ነው። ፈርኖችን የያዘው ቅጽ ቁጥሩ አንደኛ ሆኖ ሳለ ለኅትመት የበቃው በዚያው በመዝጊያው ዓመት ነበር። ደን ሲመነጠር ግን ፈርን ከቀዳሚዎቹ ጠፊዎች አንዱ ነው፤ ጥላው ሲከፈት እርጥብ አየሩ አብሮ ይሄዳልና።

በኒምራ ታላታ ግቢ ፈርን ለማኖር የሚያስፈልገው የዋርድን ትምህርት ከአካባቢው ልማድ ጋር ማዋሐድ ነው። በሱዳን ምድር ዚር የሚባለው ትልቅ የሸክላ ጋን በዛፍ ጥላ ይቀመጣል፤ ውሃው በሸክላው ገላ እያላበ ሲተን በዙሪያው ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ሥሩም ይረጥባል። ኔፍሮሌፒስ የተባለውን ጠንካራ ፈርን በማንጎ ሥር፣ በዚሁ ዚር አጠገብ፣ ከነፋስ ተከልሎ ማቆም ይቻላል። የመትከያው ሸክላ በሰፊ ሣህን ላይ በፈሰሰ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቢቀመጥ፣ አፈሩም የበሰበሰ ቅጠል፣ አሸዋና ጥቂት የከሰል ስብርባሪ የተቀላቀለበት ቢሆን ይበጀዋል። ስሱ አዲያንተም ግን መከለያ ይሻል፤ ለእርሱ የተቆረጠ ግልጽ የፕላስቲክ ጀሪካን የዋርድን ሣጥን ይተካል። ግድግዳው ላይ ጤዛ ከበዛ ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል፤ ጤዛው ከጠፋ በትንሹ ይረጫል። ፀሐይ ግን ፈጽሞ ሊነካው አይገባም፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የተያዘ ሙቀት ተክሉን ይቀቅለዋልና። ውሃ ከቦቴ መኪና ለሚገዛ ቤት ይህ ዘዴ ቁጠባም ነው።

ተክሉን ለማብዛት ወደ ደን መሄድ አያስፈልግም። የጎረቤት ኔፍሮሌፒስ ሥሩ ተከፍሎ ይተከላል፤ የአዲያንተም ብናኝ ደግሞ በወረቀት ላይ ተራግፎ፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ በቀዘቀዘ አፈር ላይ ተዘርቶ ይከደናል። ከዚያ የሚጠየቀው የወራት ትዕግሥት ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ። ዋርድ በጠርሙስ ያየው ነገር በኢማቶንግና በከፋ ያለ መስታወት ሲሠራ ኖሯል፤ እዚያ ክዳኑ የዛፎቹ ቅጠል ነው። በከተማ ግቢም ማንጎውን ሳይቆርጥ ያቆየ ሰው የዚያ ክዳን ጥቂቱ በእጁ አለ።