ከከሳሽ መዝገብ የተገኘ መከላከያ፦ ዲሚትሮቭ በላይፕዚግ ችሎት

የወንጀል ክስ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የከሳሽ ታሪክ ነው። ምስክር የሚፈልገው፣ ቤት የሚፈትሸው፣ ሰነድ የሚይዘው፣ ባለሙያ ቀጥሮ የሚያስመረምረው መንግሥት ነው። ተከሳሹ በዚያው ጊዜ በወኅኒ ቤት ተዘግቶ፣ የሚልከው ሰው አጥቶ፣ የተባለበትን እንኳ በቅጡ ሳያውቅ ይቆያል። የሚያምነው ጠበቃ የቆመለት እንደሆነ ጉድለቱ በመጠኑ ይሟላል። ብቻውን በሚከራከር ተከሳሽ ላይ ግን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ እንደ ባለጉዳይ ስለ ሕይወቱ ይጨነቃል፣ እንደ ነገረ ፈጅም ማስረጃ ይሰበስባል። እጁ የታሰረ ሰው ምስክር ከየት ያመጣል? መጥሪያውን የሚያወጣው ዳኛ ካልፈቀደለትስ በምን ይረታል?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ1933 በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ የተካሄደውን የራይሽስታግ ቃጠሎ ክርክር ያህል የሚረዳ ምሳሌ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሱና ተከሳሾቹ

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1933 ማታ በርሊን የሚገኘው የጀርመን ምክር ቤት ሕንፃ፣ ራይሽስታግ፣ ተቃጠለ። አዶልፍ ሂትለር የመንግሥቱን መሪነት ከያዘ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ማሪኑስ ቫን ደር ሉበ የተባለ የ24 ዓመት ሆላንዳዊ፣ ሥራ ያጣ ግንበኛ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ተያዘ። በማግሥቱ የወጣው ድንጋጌ የመናገርን፣ የመጻፍንና የመሰብሰብን መብት አገደ፤ ኮሚኒስቶችና ሌሎች ተቃዋሚዎች በሺህ እየተቆጠሩ ታሰሩ። በምክር ቤቱ የኮሚኒስት እንደራሴዎች መሪ የነበረው ኤርንስት ቶርግለር ስሙ ከቃጠሎው ጋር መነሳቱን ሰምቶ ንጽሕናውን ለማስረዳት በገዛ ፈቃዱ ወደ ፖሊስ ሄደ፤ እንደ ሄደም ቀረ። ማርች 9 ቀን ደግሞ በአንድ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ጥቆማ ሦስት ቡልጋርያውያን፣ ጌኦርጊ ዲሚትሮቭ፣ ብላጎይ ፖፖቭና ቫሲል ታኔቭ፣ በርሊን ውስጥ ተያዙ።

ዲሚትሮቭ በዚያን ጊዜ የሃምሳ ዓመት ሰው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ሠርቷል፤ በሠራተኛ ማኅበር መሪነትም ታውቋል። በአገሩ በ1923 ከተነሳው አመፅ በኋላ በሌለበት ሞት ተፈርዶበት ስለ ነበር በርሊን ይኖር የነበረው ዶክተር ሩዶልፍ ሄዲገር በሚል ሐሰተኛ ስም ነው። እንግዲህ ስሙ ሐሰተኛ፣ አገሩ ባዕድ፣ አቋሙ በመንግሥቱ የተወገዘ ሰው በአደባባይ ሊሞገት ነው። ከሳሽ ይህን ሁሉ እንደ ጥፋት ምልክት ሊያቀርብበት እንደሚችል ስለ ተረዳ፣ ገና በማርች 20 ቀን ለፖሊስ በጽሑፍ በሰጠው ቃል ኮሚኒስት መሆኑን አልደበቀም፤ ከቃጠሎው ጋር ግን አንዳች ግንኙነት እንደሌለው አስመዘገበ። በፊቱ የሚጣልበትን ነገር አስቀድሞ በራሱ አንደበት መናገሩ ከሳሹን አንድ መሣሪያ አሳጣው።

በሰንሰለት ውስጥ የተደረገ ዝግጅት

ዲሚትሮቭ ለአምስት ወር ያህል ሌትና ቀን እጁ በሰንሰለት ታስሮ ቆየ። ሆኖም በዚያው ሁኔታ የጀርመንን ታሪክ፣ የወንጀለኛ መቅጫውን ሕግና የሥነ ሥርዓቱን ሕግ አነበበ፤ ቋንቋውንም አሻሻለ። ሥነ ሥርዓቱን ማጥናቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በጀርመን ሕግ ተከሳሽ ራሱ ምስክር ለመጠየቅ፣ ማስረጃ እንዲቀርብለትም ለማመልከት ይችል ነበር። ይህ በር ጠባብ ቢሆንም ለተዘጋበት ሰው ትልቅ በር ነው።

ይከራከሩልኝ ብሎ ከቡልጋርያ፣ ከፈረንሳይና ከሌሎች አገሮች የመረጣቸውን ጠበቆች ፍርድ ቤቱ አልተቀበለለትም። በምትካቸው ፓውል ታይኸርት የሚባል ጀርመናዊ ጠበቃ ለሦስቱ ቡልጋርያውያን ተመደበ። ዲሚትሮቭ ግን የፖለቲካውንም የፍሬ ነገሩንም ክርክር በራሱ አንደበት ለማካሄድ ወሰነ።

ከወኅኒ ቤቱ ውጭ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ይሠሩ ነበር። በኦገስት 1933 ናዚዎችን በቃጠሎው የሚከስስ የቡኒ መጽሐፍ የተባለ ጽሑፍ ታተመ። ከሴፕቴምበር 14 ቀን ጀምሮም በእንግሊዛዊው የሕግ ሰው ዲ. ኤን. ፕሪት ሰብሳቢነት የልዩ ልዩ አገር የሕግ ባለሙያዎች ለንደን ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ጀርመን ሊመለሱ የማይችሉ ስደተኞችን ቃል ሰሙ። መደምደሚያቸውን የገለጡት የላይፕዚጉ ችሎት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ይህ ሸንጎ የሕግ ሥልጣን አልነበረውም፤ ነገር ግን ተከሳሹ መጥሪያ ሊያስወጣላቸው የማይችላቸውን ምስክሮች ቃል ዓለም እንዲሰማው አደረገ።

የከሳሽ ምስክር ለተከሳሽ ሲመሰክር

ችሎቱ ሴፕቴምበር 21 ቀን ዊልሄልም ቢንገር በሚባል ዳኛ ሰብሳቢነት ተከፈተ፤ ከፊሉም በርሊን በራይሽስታጉ ሕንፃ ውስጥ ተካሄደ። ዲሚትሮቭ የራሱን ምስክር እንደ ልብ መቁጠር ስላልቻለ፣ ከሳሽ ያመጣቸውን ምስክሮች ወደ ራሱ ማስረጃነት የመለወጥን መንገድ ተያያዘው።

የመጀመሪያው መንገድ የጊዜና የቦታ ስሌት ነበር። እሳቱ በተነሳበት ምሽት እሱ ራሱ ከሙኒክ ወደ በርሊን በሚመጣ ባቡር ላይ ነበር። ታኔቭ በርሊን የደረሰው ከቃጠሎው ጥቂት ቀናት ብቻ አስቀድሞ ነው። ያ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ግን ቡልጋርያውያኑን ከ1932 አጋማሽ ጀምሮ ከቫን ደር ሉበ ጋር በአንድ ገበታ ዙሪያ አይቻለሁ ብሎ መሰከረ። በዚያ ወራት ሆላንዳዊው በገዛ አገሩ ነበር። ምስክሩ ሐሰተኛ ነው ብሎ በቁጣ ከመጮኽ ይልቅ ቀንና ቦታን ማመሳከር ቃሉን ከሥሩ ነቀለው።

ሁለተኛው መንገድ የከሳሽን ምስክሮች እርስ በርሳቸው ማጋጠም ነው። ለዚህ ታላቁ ምሳሌ የኖቬምበር 4 ቀን ውሎ ሆኖ ይገኛል። የፕሩሲያ ጠቅላይ ሚኒስትርና የፖሊሱ የበላይ አዛዥ ኸርማን ጎሪንግ በዚያ ቀን በምስክርነት ቀረበ። ከቃጠሎው በማግሥቱ በቫን ደር ሉበ ኪስ የኮሚኒስት ፓርቲ የአባልነት ደብተር ተገኝቷል ተብሎ ለሕዝብ ተነግሮ ነበር። ተከሳሹን የያዙትና የፈተሹት ፖሊሶች ግን እንዲህ ያለ ደብተር እንዳልተገኘ ቀደም ብለው በችሎቱ መስክረዋል። ዲሚትሮቭ ይህን ቃል በጥንቃቄ ይዞ ስለ ቆየ፣ ወሬው ከየት መጣ ብሎ ሚኒስትሩን ጠየቀው። ጎሪንግ እሱ ራሱ ሰው ኪስ ገብቶ እንደማይፈትሽ መለሰ። ተከሳሹ አስከትሎ፣ የፖሊሱ የበላይ ገና ከመነሻው ወንጀለኞቹ ኮሚኒስቶች ናቸው ብሎ ማወጁ ምርመራውን ወደ አንድ ወገን ብቻ አልመራውም ወይ አለው።

ይህ ጥያቄ የክሱን መሠረት የሚነካ ነበር። መርማሪው አስቀድሞ ወንጀለኛውን ከመረጠ ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው ሁሉ ማስረጃ ሳይሆን የውሳኔው ማስጌጫ ይሆናልና። ክርክሩ እየከረረ ሲሄድ ጎሪንግ ከምስክርነት ወግ ወጥቶ ተሳደበ፣ ዛተም። ዳኛው ግን ምስክሩን ሳይሆን ተከሳሹን ከችሎት አስወጣ። ዲሚትሮቭ እየተገፋ ሲወጣ ሚኒስትሩ ጥያቄዎቹን ፈርቶ እንደሆነ ጠየቀው። በአዳራሹ የተቀመጡት የውጭ አገር ጋዜጠኞች ይህን ሁሉ ጽፈው ወደየአገራቸው ላኩት።

ያልተጠሩት ምስክሮች

ዲሚትሮቭ የራሱን ምስክሮች ለማስቆጠር መሞከሩንም አልተወም። የቀድሞዎቹ የመንግሥት መሪዎች ሽላይኸር፣ ብሩኒንግና ፎን ፓፐን፣ እንዲሁም የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ሁገንበርግ እንዲጠሩለት አመለከተ። በማመልከቻው ሊያስረዳ የፈለገው ጭብጥ ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ገዢው ወገን በ1933 መጀመሪያ እርስ በርሱ የተከፋፈለ እንደ ነበረና ቃጠሎው የጠቀመው ማንን እንደሆነ ማሳየት ነው። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን አልተቀበለም።

ይሁን እንጂ ልመናው በከንቱ አልቀረም። ተከሳሹ ምስክሩ ማን እንደሆነና ምን እንደሚያስረዳለት ቆጥሮ ሲያመለክት፣ ዳኛውም ሲከለክል፣ ክልከላው ራሱ በመዝገብ ይሰፍራል። ዲሴምበር 16 ቀን ባደረገው የመጨረሻ ንግግሩ ያልተጠሩለትን ምስክሮች አንስቶ የምርመራውን ባዶ ስፍራ ለመጠቆም የቻለው ለዚህ ነው። ቫን ደር ሉበ ከቃጠሎው በፊት የነበረውን ሌሊት ያሳለፈው ከበርሊን ወጣ ባለችው በሄኒግስዶርፍ ነበር፤ እዚያ ከማን ጋር ተገናኘ የሚለው ጥያቄ በሚገባ አልተመረመረም ብሎ ወቀሰ። ነፃ የሚለቀውም በማስረጃ ጉድለት ሳይሆን ንጹሕ በመሆኑ እንዲሆን ጠየቀ።

ፍርዱና ከፍርዱ በኋላ

ዲሴምበር 23 ቀን 1933 በተሰጠው ፍርድ ቶርግለርና ሦስቱ ቡልጋርያውያን በማስረጃ ጉድለት ነፃ ተባሉ። ቫን ደር ሉበ ሞት ተፈርዶበት ጃኑዋሪ 10 ቀን 1934 አንገቱን ተቀላ። ይህን ቅጣት ያስቻለው ሕግ የወጣው ማርች 29 ቀን 1933፣ ማለት ቃጠሎው ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ ነበር፤ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ፍርዱ በጀርመን የተሻረለት በ2007 ነው። ሦስቱ ቡልጋርያውያን የሶቪየት ዜግነት ተሰጥቷቸው፣ ልክ ቃጠሎው በደረሰ በዓመቱ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1934 ወደ ሞስኮ በረሩ። የሂትለር መንግሥት ከዚህ ውጤት የወሰደው ትምህርት ሌላ ነበር፤ ኤፕሪል 24 ቀን 1934 የክህደት ክሶችን ከመደበኛው ፍርድ ቤት ነጥቆ የሕዝብ ፍርድ ቤት ለሚባለው ለራሱ መሣሪያ ሰጠ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይቶ ማየት ይገባል። ዲሚትሮቭ እሳቱን የለኮሱት ናዚዎች ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ ይህ ግን በችሎቱ አልተረጋገጠም። የታሪክ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ቫን ደር ሉበ ብቻውን አደረገው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ተከሳሹን ያዳነው እውነተኛውን ወንጀለኛ ማሳየቱ ሳይሆን ከሳሽ በእሱ ላይ ያቀረበው እንደማይቆም ማሳየቱ ነው። ራሱን ችሎ የሚሟገት ሰው ከዚህ በላይ ሸክም ሊጫንበት አይገባም።

ሁለተኛው ነገር መራራ ነው። አብሮት ነፃ የወጣው ፖፖቭ በ1937 በሶቪየት ኅብረት ታስሮ ረጅም ዘመን በእስር ማቀቀ። ዲሚትሮቭ ራሱ ከ1946 ጀምሮ የቡልጋርያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ፣ የገበሬዎች ፓርቲ ተቃዋሚ መሪ የነበረው ኒኮላ ፔትኮቭ ተከሶ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1947 ተሰቀለ፤ በክርክሩ መከላከያውን በሚገባ እንዲያቀርብ አልተፈቀደለትም ሲሉ ምዕራባውያን መንግሥታት ተቃውመዋል። በላይፕዚግ መጥሪያ የተነፈገው ሰው መጥሪያ በሚሰጠው ወገን ሲቀመጥ ያንኑ መብት ለባላጋራው አላጸናለትም። መብቱ የአንድ ጀግና የግል መሣሪያ ሆኖ ከቀረ ከጀግናው ጋር ወንበር ይለዋውጣል፤ በሕግ የቆመ የሁሉም መብት ሲሆን ብቻ ነው የሚጸናው።

በ1966 የወጣው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ተከሳሽ የከሳሽን ምስክሮች የመጠየቅና የራሱንም ምስክሮች በዚያው አኳኋን የማስጠራት መብት እንዳለው ደነገገ። ኢትዮጵያም በ1993 ቃል ኪዳኑን ተቀብላ፣ በ1995 ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት፣ ምስክሮችን የመጠየቅና የራሱ ምስክሮች ቀርበው እንዲሰሙለት የመጠየቅ መብት እንዳለው አሰፈረች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሁንና እውነት በችሎት የሚጠራው ዝም ብሎ በማደር አይደለም፤ ቀኑን የሚያመሳክር ተከሳሽ፣ የተጠራ ምስክርና የማይወደውንም ቃል ታግሦ የሚሰማ ዳኛ ሲገናኙ ነው።