ገንቢ ሂስ በፎቶ ቤት፤ የመልክ ፎቶግራፍ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መንገድ

የሰውን መልክ በፎቶግራፍ የማስቀረት ሙያ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ይሁን እንጂ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ፎቶግራፍ በተነሡት ታላላቅ ሰዎች ስም ነው፤ ሙያው ከአስተማሪ ወደ ተማሪ የተላለፈበት መንገድ እምብዛም አይነሣም። ማንኛውም የእጅ ሙያ ጸንቶ የሚቆመው መሣሪያው ስለ ተገኘ ብቻ አይደለም፤ የጀማሪውን ሥራ ተመልክቶ ጉድለቱን በሚገባ የሚነግረው ሰው ሲኖርም ነው።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲስ ክፍሉ መካከል ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮችን ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደውን ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን በዋይት ደሴት ፎቶግራፍ ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። የዘመኑ ባለሙያዎች ግን የካሜሮንን ሥራዎች «ምስሉ አልጠራም፣ አሠራሩ ንጽሕና ይጎድለዋል» በሚል አኳኋን አጥብቀው ይነቅፉ ነበር። ሠዓሊው ጆርጅ ፍሬደሪክ ዋትስ በበኩሉ በፊቶቹ ላይ የሚታየውን ስሜት አይቶ ይመክራትና ያበረታታት ነበር። ዛሬ ካሜሮን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የመልክ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዷ ሆና ትቆጠራለች። ነቃፊዎቹ ያዩት ጉድለት በእርግጥ ነበረ፤ የሳቱት ጉድለቱን ከሠሪዋ ዓላማ ጋር ማመዛዘንን ነው።

በአገራችን ሙያውን ቤተ መንግሥት አስጠጋው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም የአባታቸውን ሙያ ወረሱ። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 ሽመልስ ደስታ በቤተ መንግሥት በዚሁ ሥራ አገልግሏል። ሙያው ከቤተ መንግሥት አልፎ ወደ ከተሞች ሲወርድ ግን የተለመደው ትምህርት ቤት ፎቶ ቤቱ ራሱ ነበር። ጀማሪው መብራት ይይዛል፣ ፊልም ያጥባል፣ መምህሩ የሚሠራውን እያየ ይለምዳል።

ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ በምትገኘው አምቦ፣ እንዲሁም በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በጉደርና በባኮ ፎቶ ቤት የሚገባው ሰው ፍላጎቱ ግልጽ ነው። ተማሪው ለፈተና ወረቀት፣ ሙሽሮች ለማስታወሻ፣ ገበሬው ለመታወቂያ ይመጣሉ። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ወዲህ ደግሞ ጉርድ ፎቶግራፍ ለከተማ ነዋሪ የግድ አስፈላጊ ሆነ።

በእነዚህ ከተሞች ጀማሪን ከሚፈትኑት ነገሮች አንዱ ነጠላ ነው። ከምስሉ ተንጸባርቆ የሚመጣውን የሚለካው ብርሃን መለኪያ የተሠራው ያየውን ሁሉ 18 በመቶ ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ግራጫ አድርጎ እንዲቆጥር ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ፊቱ ስትቀመጥ መለኪያው በነጩ ልብስ ይታለላል፤ ብርሃኑ ይቀነሳል፣ ፊቷም ይጠቁራል። በእንዲህ ያለው ጊዜ «ሥራህ አይረባም» ማለት አያስተምርም። «መለኪያውን ወደ ፊቷ አስጠግተህ ለካ፤ ወይም ዲያፍራሙን አንድ ደረጃ ክፈት፣ ብርሃኑ እጥፍ ይሆንልሃል» የሚለው ግን ያስተምራል። የመጀመሪያው ቃል በሰውየው ላይ ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ምክንያቱንና መፍትሔውን ያሳያል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የጀማሪው አይደለም። የቀለም ፊልም በተስፋፋበት ዘመን የአሜሪካ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያመዛዝኑት በነጭ ሴት ምስል በመሆኑ፣ የጠቆረ ቆዳ ዝርዝሩን ያጣ ነበር። ውኃም የራሱ ጠባይ አለው። አምቦ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ በሚታሸገው የማዕድን ውኃዋ የታወቀች ናት፤ ካልሲየም የበዛበት ውኃ ግን በኔጋቲቭ ላይ ሲደርቅ ነጭ እድፍ ይተዋል። ስለዚህ አስተዋይ መምህር እድፉን ሲያይ የተማሪውን እጅ ከመኮነኑ በፊት ውኃው ከየት እንደ ተቀዳ ይጠይቃል።

ሂስ የሚለው ቃልም የራሱ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለሂስ» በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የሚካሄድ ሥርዓት በመሆኑ፣ ቃሉ ለብዙ ሰው የመታረም ሳይሆን የመዋረድ መታሰቢያ ሆኖ ቀረ። ከዚያ እጅግ የቀደመው የቅኔ ቤት ልማድ ግን ሌላ መልክ አለው፤ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም የጎደለውን አርሞ ይመልስለታል፣ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የእርማቱ ዓላማ የነገውን ቅኔ ማሻሻል ነው።

ይህን ያህል መጨነቅ ለአንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ይበዛል የሚል ቢኖር፣ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይጎብኝ። በግድግዳዎቹ ላይ የተደረደሩት የሟቾች ፊቶች ብዙዎቹ ለመታወቂያና ለመሰል ጉዳይ የተነሡ የሚመስሉ ትናንሽ ፎቶግራፎች ናቸው። በየገጠሩና በየከተማው ለቅሶም ዘመድ ታቅፎ የሚያለቅሰው የሟቹን ፎቶግራፍ ነው። ፊቱ የጠቆረበት ወይም ዓይኑ የደበዘዘበት ምስል ለአንዲት እናት የቀራት ብቸኛ መልክ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማረም አይቻልም። መታረም የነበረበት ጀማሪው ገና ሲማር ነው።

ዛሬ ጨለማ ክፍሎቹ ተዘግተዋል፤ ካሜራም በየኪሱ ይገኛል። በፎቶ ቤት ከመምህር አጠገብ የሚቆመው ተማሪ ሲቀንስ፣ ሥራን ፊት ለፊት አይቶ የመተራረም ልማድም አብሮ ይሳሳል። በ2003 ዓ.ም. በአይዳ ሙሉነህ መሥራችነት የተጀመረው የአዲስ ፎቶ ፌስት ወጣቶች ሥራቸውን ለልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የሚያሳዩበትን መድረክ ማካተቱ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ ነው። ሆኖም የአምቦና የባኮ ጀማሪ እስከ ዋና ከተማው እስኪደርስ ድረስ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። በየከተማው ያለ አንጋፋ ባለሙያ የወጣቱን ምስል ተቀብሎ፣ የተሳካውን ለይቶ፣ የጎደለውን ከነምክንያቱ ነግሮ፣ «ነገ ደግሞ አሳየኝ» ቢለው ሙያው ወራሽ ያገኛል።