የጊታር ክር ሠሪው ቤትና ነጻው የኮምፒውተር ሥርዓት

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ አጠገብ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ልዊስ ኦቢስፖ በምትባል ከተማ ኧርኒ ቦል የተባለ የጊታር ክር የሚሠራ ድርጅት ነበረ። መሥራቹ በ1962 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለጣት የሚለዝብ ቀጭን ክር ለገበያ ካወጣ ወዲህ ስሙ በሙዚቀኞች ዘንድ የታወቀ ሆነ፤ ልጁ ስተርሊንግ ቦል ድርጅቱን በሚመራበት ዘመን ግን ይህ ቤት ከአውታር ጋራ ምንም ዝምድና በሌለው ነገር፣ በጽሕፈት ክፍሉ ኮምፒውተሮች ምክንያት፣ በንግድ ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ስፍራ አገኘ።

በ2000 አንድ ቀን መሣሪያ የታጠቁ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሹማምንት፣ ማይክሮሶፍትን የመሰሉ ኩባንያዎች መብታቸውን ለማስከበር ካቋቋሙት ማኅበር መልእክተኞች ጋራ ሆነው ወደ ድርጅቱ ገቡ። ጥቆማው የመጣው ከቀድሞ ሠራተኛ ነበረ። ከ72 ኮምፒውተሮች ውስጥ ፈቃድ የሌለው ፕሮግራም የተገኘባቸው ከመቶ ስምንት እጅ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ ነገሩም የሆነው አሮጌው ኮምፒውተር ከመሐንዲሶች ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር በውስጡ የነበረው ሳይፋቅ በመቅረቱ ነበር። ድርጅቱ 65,000 ዶላር ከፍሎ ታረቀ፤ ለጠበቆችም ሌላ 35,000 ዶላር ወጣ።

እዚህ ላይ ነገሩን ጠለቅ ብሎ ማየት ያሻል። ክር የገዛ ሰው ክሩ የራሱ ነው፤ ቢበጥሰው፣ ለወዳጁም ቢሰጠው ጠያቂ የለበትም። የኮምፒውተር ፕሮግራም የገዛ ሰው ግን የገዛው ፕሮግራሙን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱን ነው፤ የባለቤትነቱ ሥልጣን ከሻጩ እጅ አይወጣም፣ ማን፣ በስንት ኮምፒውተር፣ እስከ መቼ እንዲገለገልበት የሚወስነውም ሻጩ ነው። ሕጉ ከከሳሾቹ ጋራ እንደ ነበረ አልክድም፣ ስተርሊንግ ቦልም ጥፋቱን አልካደም። ዳሩ ግን ቅጣቱ ተከፍሎ ካበቃ በኋላ የድርጅቱ ስም ለሌሎች ነጋዴዎች ማስፈራሪያ መደረጉ ልቡን እጅግ አቈሰለው፤ በዚህም ምክንያት የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ሁሉ በስድስት ወር ውስጥ ከቤቱ እንዲወጣ አዘዘ።

ይህን ትእዛዝ መፈጸም የተቻለው ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ስለ ደከሙ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ማንም የሚመረምረው፣ የሚያሻሽለውና ለሌላው የሚያካፍለው ሥርዓት እንደሚሠራ ዐውጆ ነበር፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ ደግሞ ገና ተማሪ ሳለ በ1991 በሄልሲንኪ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት ሠራ። ይሁን እንጂ ሊኑክስ ለብዙ ጊዜ የሊቃውንት መሣሪያ ብቻ ሆኖ ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኛዋና የትእዛዝ ተቀባዩ ሊቀመጡበት የቻሉት በ1996 እና በ1997 ኮምፒውተሩን በመስኮትና በምልክት የሚያሠሩት ኬዲኢና ግኖም የተባሉት ሥራዎች ከተጀመሩ፣ በ2000ም ሰን ማይክሮሲስተምስ የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራሙን ምንጭ ለሁሉ ከከፈተ በኋላ ነው። የክር ሠሪው ቤትም ሬድ ሃት የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት፣ ከሰን ፕሮግራም የወጣውን ኦፕን ኦፊስንና የድረ ገጽ ማሰሻውን ሞዚላን አስገብቶ ደብዳቤውን መጻፍ፣ ሒሳቡን መያዝ፣ ክሩንም መሸጥ ቀጠለ፤ ባለቤቱ እንደ ተናገረው 80,000 ዶላር ያህልም ከወጪ ዳነለት።

ከዚያ ወዲህ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ተከተሉ። የጀርመን ከተማ የሙኒክ ምክር ቤት በ2003 ወደ 14,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ለማዛወር ሲወስን፣ የማይክሮሶፍት የበላይ ስቲቭ ባልመር ዕረፍቱን አቋርጦ ከከንቲባው ጋራ ተነጋግሮ ነበር፤ ከንቲባው ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ሥራው በ2013 ተፈጸመ፤ ነገር ግን ሌላ ከንቲባ ተሹሞ በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ማይክሮሶፍቱ ሥርዓት ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ድምፅ ሰጠ። የዐሥር ዓመት ድካም እንዲህ በድምፅ ብልጫ ሲፈርስ ማየት ያሳዝናል፤ በእኔ ፍርድ የጐደለው የሊኑክስ ብቃት ሳይሆን የሹማምንቱ ጽናት ነው።

ዣንዳርመሪ የተባለው የፈረንሳይ ጸጥታ አስከባሪ ኃይል አካሄድ ግን ከሁሉ የበለጠ ጥበብ ያለበት ይመስለኛል። በ2005 በነበረው ዊንዶውስ ላይ ኦፕን ኦፊስን አስገባ፤ በ2006 የድረ ገጽ ማሰሻውን ፋየርፎክስን አስከተለ፤ ሠራተኛው እነዚህን ከለመደ በኋላ፣ በ2008፣ ኮምፒውተሮቹን ኡቡንቱ ወደ ተባለው የሊኑክስ ዓይነት ማዛወር ጀመረ። ሥር ያለው ሥርዓት ሲለወጥ ዓይኑ የሚያየውና እጁ የሚነካው አስቀድሞ የለመደው ስለ ሆነ፣ ጭንቀቱ ቀለለ። ዛሬ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ የዣንዳርመሪው ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

የንግድ ቤት ያለህ አንባቢዬ ሆይ፣ መርማሪ ደጅህን ሳያንኳኳ የጽሕፈት ክፍልህን ኮምፒውተሮች ቍጠር፣ የእያንዳንዱ ፕሮግራም ፈቃድ በእጅህ መኖሩንም መርምር፤ ከሌለህና ነጻውን መንገድ ከመረጥህ፣ ሥርዓቱን ከመለወጥህ በፊት ሠራተኞችህን በነጻው የጽሕፈት ፕሮግራም አንድ ዓመት አስለምዳቸው።