ቤቱ ነው ወይስ ቤቴ? ፊደላችን በሊኑክስ ስክሪን ላይ የተጓዘው መንገድ



ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ሰሞኑን በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ "ቲቸር፣ ላፕቶፔን ወደ ሊኑክስ ቀየርኩት። ሁሉ ነገር ፈጠነልኝ፤ አማርኛው ግን ድብዝዝ እያለ ዓይኔን ፈጀው። ፊደላችን ለኮምፒውተር አይመችም ማለት ነው?" አጭሩ መልስ "በፍጹም" ነው። ረጅሙ መልስ ግን ታሪክ አለው፤ ለእሱ ብቻ ተነግሮ የሚቀር ስላልመሰለኝ እዚህ ጻፍኩት። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ያዙ።

መጀመሪያ ችግሩ የት ላይ እንዳለ እንይ። "ቤቱ" እና "ቤቴ" የሚሉትን ቃላት ተመልከቷቸው። ልዩነታቸው አንዲት ምልክት ናት፤ "ቱ" ላይ ከጎን መሃል የወጣች ጭረት፣ "ቴ" ላይ ደግሞ እግሩ ሥር ያለች ቀለበት። "መጣ" እና "መጡ"ም እንደዚሁ ነው። በላቲን ጽሑፍ አናባቢው ሲለወጥ አንድ ሙሉ ፊደል ይለወጣል። በእኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚለወጠው የፊደሉ ጥግ ብቻ ነው። ስክሪኑ ከጥቃቅን ነጥቦች፣ ማለትም ከፒክስል፣ የተሠራ ነው። ለአንድ ፊደል 12 ፒክስል ቁመት ብቻ ከተሰጠው ለዚያች ጭረት የሚደርሳት አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ነው። ያቺ ነጥብ ከደበዘዘች የቤቱ ባለቤት ተቀየረ ማለት ነው። ውል ላይ፣ የፈተና ወረቀት ላይ፣ የመድኃኒት ትእዛዝ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከየካ ቀና ስንል የምናየው ተራራ ላይ፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት እንጦጦ ማርያም አለች። በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ ደብር የሚነበበው መጽሐፍ ብራና ነው። ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ብራናውን ይወጋል፣ ያሰምራል፤ የፊደሉን ቁመት የሚወስነው እሱ ነው። በአትሮንስ ላይ ተቀምጦ ለሚነበብ መጽሐፍ ያገዝፈዋል፤ በማኅደር ታዝሎ ለሚዞር ትንሽ ዳዊት ያሳንሰዋል። ሲያሳንሰውም ጭረቷ ከቀለበቷ ጋር እንዳትምታታ ዓይኑ ይፈርዳል። መጠንና ቅርጽ አብረው ይወሰኑ ነበር፤ የሚወስነውም ራሱ ፊደሉን የሚያነብ ሰው ነበር።

ይህን ያዙልኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ይህ ውሳኔ ከአንባቢው እጅ እንዴት እንደወጣና እንዴት እንደተመለሰ ነው።

በታይፕ ዘመን ጉዳዩ ከፋ። የኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚነሣበት የአማርኛ ታይፕ ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ከ200 በላይ ቅርጽ በጥቂት ቁልፎች ለማውጣት ምልክቶቹን ከፊደሉ አካል ለይቶ መቀጠል ግድ ሆነ። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያነበበ ያስታውሳል፤ ጭረቷ ከፊደሉ ራቅ ብላ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ እንደ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ያሉት ሶፍትዌሮች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት። አንድ ትውልድ በኮምፒውተር አማርኛ እንዲጽፍ ያደረጉ ባለውለታዎች ናቸው። ግን አመዳደቡ የተለያየ ስለነበር፣ ፋይሉ ያ ፎንት ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ አማርኛው ዝብርቅርቅ የላቲን ምልክት ይሆናል። ሥራዎቹ በዋናነት ለዊንዶውስ የተሰናዱ ስለነበሩ የሊኑክስ ተጠቃሚ ዕጣ ፈንታው ይሄው ዝብርቅርቅ ነበር። እዚህ ላይ የፎንት ጥራት ጥያቄ ገና አልተነሣም፤ ፊደሉ ራሱ የለማ!

ሊኑክስ ላይ መላው የመጣው ከማይጠበቅ አቅጣጫ ጭምር ነው። ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ብዙ ቋንቋ እንዲችል ያደረጉት ጃፓናውያን ናቸው፤ ከመካከላቸው ታካሃሺ ናኦቶ የኢትዮጵያን ፊደል ክፍል ጻፉ። አብረው የተሰናዱት ፎንቶች በ16 እና በ24 ፒክስል መጠን፣ እንደ ጥልፍ ነጥብ በነጥብ የተሠሩ ነበሩ። ጀርመን አገር ሐምቡርግ ላይ ደግሞ ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ከኦላፍ ኩመርና ከዮኸን ሜትሲንገር ጋር ሆነው ላቴክ ለሚባለው የጽሑፍ ሥርዓት የግእዝ ፊደል አዘጋጁ። የእነሱ ቅርጾች ኋላ ፍሪሴሪፍ ወደሚባለው ነፃ ፎንት ገብተዋል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ደግሞ አማርኛን በተራ የላቲን ቁልፎች መጻፊያ ሥርዓት አወጡ፤ ምህጻረ ስሙ "ሴራ" ነው። (አትደንግጡ፣ ሴራ የለበትም!) ዛሬ በድምፁ እየተየባችሁ ፊደሉ የሚወጣላችሁ ኪቦርድ ሁሉ የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው።

ትልቁ በር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ በኋላ "ቤ" በየትኛውም ኮምፒውተር "ቤ" ነው፤ የማንም ላቲን ፊደል ጭምብል አይደለም። ዳንኤል ያዕቆብ የሚሠሩበት ግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም ኖም የተባለውን የሊኑክስ ገጽታ ወደ አማርኛ መለሰ።

ግን መኖር አንድ ነገር ነው፤ መነበብ ሌላ። ዩኒኮድ የፊደሉን ቁጥር እንጂ መልኩን አይወስንም። መልኩን ስክሪን ላይ የሚያወጡት ሌሎች ናቸው፤ ሊኑክስ ላይ ሁለቱን እወቁ። አንደኛው ፍሪታይፕ ነው፤ ዴቪድ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው። የፊደሉን ቅርጽ ወደ ነጥቦች የሚቀይረው እሱ ነው። ሁለተኛው ፎንትኮንፊግ ነው፤ ኪት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው። "ለዚህ ፊደል የትኛው ፎንት ይውሰድ?" የሚለውን የሚፈርደው ይሄኛው ነው።

ፍሪታይፕ ሁለት ነገር ይሠራል። አንዱ ማለስለስ ነው። መገናኛ ላይ ቆማችሁ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ብታዩ፣ ጫፉ ከሰማዩ በምላጭ የተቆረጠ አይመስልም፤ መሃል ላይ ግራጫ ጠርዝ አለው፤ ዓይናችሁ ግን የተራራውን ቅርጽ በደንብ ያነባል። ማለስለስም እንደዚሁ ጠርዙ ላይ ግራጫ ነጥብ እየጨመረ ዓይንን ያግዛል። ችግሩ ጭረቷ ከአንድ ነጥብ በታች ከቀጠነች ሙሉ በሙሉ ግራጫ ትሆናለች፤ ተማሪዬ "ድብዝዝ" ያለው ይሄን ነው። ሁለተኛው ማስማማት ነው፤ የፊደሉን እግርና ራስ ከነጥቦቹ መስመር ጋር ማስተካከል።

ማስማማት ላይ ደግሞ የፓተንት ጣጣ ነበረ። አንድ ፎንት ውስጥ የተጻፈውን የማስማማት መመሪያ የማስፈጸሙ ዘዴ በአፕል ፓተንት ሥር ስለነበር፣ ፍሪታይፕ በነባሪነት ያበራው ፓተንቱ ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ንዑስ ነጥቦችን ለየብቻ የሚጠቀመው የማይክሮሶፍት ክሊርታይፕ ዘዴም ፓተንቱ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ለእኛ ግን የፓተንቱ ማለቅ ብቻውን አልበቃም። መመሪያውን በእጅ መጻፍ ከ300 በላይ ቅርጾችን አንድ በአንድ መከታተል ይጠይቃላ። ስለዚህ የእኛ ተስፋ ፍሪታይፕ በራሱ ገምቶ የሚያስማማበት ክፍል ሆነ። እሱም መጀመሪያ የታሰበው ለላቲን ነው፤ ሌሎቹ ፊደላት ቀስ በቀስ ተጨመሩ፣ የእኛም አሁን ዝርዝሩ ውስጥ አለ።

ፎንቱስ? ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ጆን ሃድሰንና ጄራልዲን ዌድ የሠሩትን ኒያላ ይዞ መጣ። ኒያላ ነፃ ስላልሆነ ሊኑክስ ውስጥ ታሽጎ አይመጣም። አንድ ገጽ ኒያላን ሲጠይቅ ፎንትኮንፊግ ተተኪ መፈለግ አለበት። ነፃ ከሆኑት መካከል የኤስ አይ ኤል አቢሲኒካ የብራናውን እጅ ጽሑፍ የሚከተል ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ ውፍረቱ ወጥ የሆነ፣ ለስክሪን የሚስማማ ነው።

እንግዲህ የተማሪዬ ችግር እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት ሦስት የአማርኛ ፎንት ካለ፣ ፎንትኮንፊግ ካልተነገረው በራሱ ቅደም ተከተል አንዱን ያነሣል። የላቲኑ ፊደል ወፍራምና ጉልህ፣ አማርኛው ከጎኑ ቀጭንና ትንሽ ሆኖ ይወጣል። ሰው ይህን ሲያይ "ፊደላችን አይመችም" ይላል። ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም፤ ውሳኔውን ፊደሉን የማያነብ ሰው ወይም ማሽን ስለወሰነው ነው።

የሊኑክስ ውበት ደግሞ ውሳኔውን መልሳችሁ መውሰድ መቻላችሁ ነው። እንዲህ አድርጉ፦

1. ከሶፍትዌር ማከማቻው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑ። ረጅም ጽሑፍ በትልቁ ማንበብ ለምትወዱ አቢሲኒካንም ጨምሩ።

2. በፎንትኮንፊግ የግል ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ለአማርኛ ኖቶ እንዲቀድም እዘዙ። ጥቂት መስመር ነው፤ አንዴ ተጽፎ ለሁሉም ፕሮግራም ይሠራል ማለት ይቻላል።

3. ማለስለሱን አብሩ፤ ማስማማቱን "ቀላል" የሚለው ላይ አድርጉት። ይሄኛው የፊደሉን ቁመት ብቻ ያስተካክላል፣ ጎኑን አያጣምምም።

4. የጽሑፍ መጠን ማባዣውን ከ1 ወደ 1.15 ወይም 1.25 ከፍ አድርጉ። ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት ይሄ ነው። ለላቲን የበቃ መጠን ለፊደላችን አይበቃም።

5. ደማቅ ቅርጽ የሌለውን ፎንት አታድምቁ። አቢሲኒካ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ኮምፒውተሩ በግድ ሲያወፍረው የ"ቴ" ቀለበት ይደፈናል።

ጨርሳችሁ "ቤቱ፣ ቤቴ፣ መጣ፣ መጡ" ብላችሁ በትንሹ መጠን ጻፉና ከክንድ ርቀት አንብቡት። ካልተምታታባችሁ ተሳክቷል።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለውበት ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ስልክ ላይ አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጽፉ እናማርራለን። ግን ማንበቡ የሚያደክም ፊደልን ሰው በተግሣጽ አይወደውም። አሮጌ ኮምፒውተር ያለው የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ፊደሉ ጥርት ብሎ ከታየ፣ ልጁ ሳይመከር ያነበዋል። የሩቅ አገር ሰዎች ነጥብ በነጥብ እየጠለፉ እዚህ ካደረሱልን፣ የቀረችውን የግማሽ ሰዓት ሥራ እኛ አናቅታትም።

ላብራቶሪ የምታስተዳድሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ማሽን ላይ ሞክሩትና የትኛው ፎንት በየትኛው መጠን ለዓይናችሁ እንደተስማማ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የማስተካከያ ፋይሉን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ሼር ማድረግም አትርሱ።