አሸናፊ ያልነበረው ውድድር፦ የጃፓን ተማሪዎች ቤዝቦል በወረርሽኙ ዘመን



የወረርሽኝ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በሟቾች ቁጥር፣ በሆስፒታሎችና በመንግሥት ዐዋጆች ነው። እኔ ዛሬ ከዚህ ወጣ ብዬ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ አነሣለሁ፦ በወረርሽኝ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስፖርት ምን ይሁን? ምሳሌዬ የጃፓኑ ኮሺየን ነው። ዘመኖቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ኮሺየን በኦሳካና በኮቤ መካከል በምትገኘው በኒሺኖሚያ ከተማ በ1924 የተከፈተ ስታዲየም ነው። ስሙ ግን በየዓመቱ ኦገስት በዚያ ለሚካሄደው አገር አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤዝቦል ውድድር መጠሪያ ሆኗል። ውድድሩ ከስታዲየሙ ይበልጣል፤ የተጀመረው በ1915 ነው። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ወዲያው ከውድድሩ ይወጣል፤ የመጨረሻው ዓመት ተማሪም ብዙውን ጊዜ በዚያው ሽንፈት ከክለቡ ይሰናበታል። ስለዚህ ውድድሩ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ አሸናፊን ይመርጣል፣ ተመራቂዎችን ይሸኛል። ለመቶ ዓመት ያህል ሁለቱ እንደ አንድ ሲታዩ ኖረዋል። መከራከሪያዬ ወረርሽኙ እንዲነጣጠሉ አስገደዳቸው የሚል ነው።

ከ2020 በፊት ይህ ውድድር ተሰርዞ የሚያውቀው ሁለት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው በ1918 ነው። ዓመቱን የሰማ ሁሉ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለውን ኢንፍሉዌንዛ ሊያስብ ይችላል። ምክንያቱ ግን በሩዝ ዋጋ መናር የተቀሰቀሰው ሕዝባዊ ዐመፅ ነበር። ሁለተኛው በ1941 ሲሆን ምክንያቱ ጦርነት ነበር፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም ውድድሩ አልተመለሰም። በመሆኑም በ2020 ውሳኔ የሚጠበቅባቸው አዘጋጆች፣ ማለትም አሳሂ ጋዜጣና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤዝቦል ፌዴሬሽን፣ በወረርሽኝ ምክንያት የተወሰነ ቀዳሚ አርአያ አላገኙም።

የጃፓን መንግሥት በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ጠየቀ። የጸደዩ የኮሺየን ውድድር በመጀመሪያ ያለ ተመልካች እንዲካሄድ ታሰበ፤ ማርች 11 ቀን ግን ተሰረዘ። ሜይ 20 ቀን ደግሞ ዋናው የኦገስት ውድድር ከነማጣሪያው መሰረዙ ተነገረ። አገር አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሙሉ በሙሉ የተነሣው ከዚህ አምስት ቀን በኋላ፣ ሜይ 25 ነው። ይህ ቅደም ተከተል ውሳኔውን የተቻኮለ ያስመስለዋል። አዘጋጆቹ ያቀረቡት ምክንያት ግን በዕለቱ የበሽታ ሁኔታ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም። ተጫዋቾች ከመላ አገሪቱ ተጉዘው ለቀናት በጋራ ያድራሉ፤ ለወራት ልምምድ ያቋረጠ ሰውነት ለጉዳት ይጋለጣል፤ የባከነውን ትምህርት ለማካካስ የዕረፍቱ ጊዜ ሊያጥር ይችላል፤ ለጨዋታ የሚመደበው ሐኪምም ከሕሙማን ላይ ይወሰዳል።

ለእኔ የታሪኩ ቁም ነገር የሚጀምረው ከስረዛው በኋላ ነው። የየክፍለ ሀገሩ ፌዴሬሽኖች ወደ ኮሺየን የማያደርሱ የራሳቸውን ውድድሮች አዘጋጁ። በጸደይ ተጋብዘው የነበሩት 32 ትምህርት ቤቶች ደግሞ በኦገስት ወደ ኮሺየን ተጠርተው እያንዳንዳቸው አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫወቱ። አሥራ ስድስት ጨዋታዎች ተካሄዱ፤ ያሸነፈም የተሸነፈም ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሻምፒዮን አልነበረም። የኮሺየንን አፈር ለማስታወሻ ዘግኖ መሄድ የተሸናፊዎች የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ዓመት ግን የስታዲየሙ ባለቤቶችና የሃንሺን ታይገርስ ክለብ በመላ አገሪቱ ለሚገኙ ተመራቂ የቤዝቦል ተማሪዎች ያ አፈር ያለበትን የቁልፍ መያዣ አደሉ። ምርጫው ቀርቶ ሽኝቱ ብቻውን ቆመ ማለት ነው።

ይህን ስል ግን ፍትሕ ተፈጸመ ማለቴ አይደለም። የሌሎች ስፖርቶች ታላቅ መድረክ የሆነው ኢንተርሃይ በዚያው ዓመት ተሰርዟል፤ በ1963 ከተጀመረ ወዲህም የመጀመሪያው ነበር። ለዋናተኛው ወይም ለጁዶ ተጫዋቹ ግን ቤዝቦል ያገኘውን ያህል የአገር ትኩረት የሳበ ሽኝት አልነበረም። ከቤዝቦሉ ጀርባ ታላላቅ ጋዜጦች፣ ስመ ጥር ስታዲየምና ባለሙያ ክለብ ቆመው ነበር። ሽኝትም እንደ ሀብት በእኩል እንደማይከፋፈል ከዚህ እንረዳለን።

በ2021 ውድድሩ ሲመለስ ሌላ ችግር ተከሠተ። የቶሆኩ ጋኩዊን ትምህርት ቤት ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮሺየን መጥቶ የመጀመሪያ ጨዋታውን ካሸነፈ በኋላ አንድ ተጫዋች በቫይረሱ መያዙ ታወቀ። ትምህርት ቤቱ ራሱን ከውድድሩ አገለለ። የሰጠው ምክንያት ሊጤን ይገባዋል፦ ተጫዋች ተለውጦ ቢገባ፣ የታመመው ማን እንደሆነ ይታወቅና የልጁን የወደፊት ሕይወት ሊጎዳ ይችላል የሚል ነበር። እዚህ ላይ የተፈራው ከበሽታው ይልቅ የሰው ጣት መቀሰሩ ነው። ሕመምን እንደ ጥፋት በሚቆጥር ማኅበረሰብ ውስጥ የትኛውም የጤና ደንብ ብቻውን ተማሪን አይጠብቅም።

በኦገስት 2022 የሰንዳይ ኢኩዌ ቡድን ሲያሸንፍ፣ ከሰሜን ምሥራቁ የቶሆኩ ክልል ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሆነ። የዚያ ዓመት ተመራቂዎች ሁለተኛ ደረጃ የገቡት በኤፕሪል 2020 ነው፤ ከወረርሽኙ በፊት የነበረውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕይወት አላዩም። አሠልጣኙ ዋታሩ ሱዌ ከድሉ በኋላ ስለ ስልት ብቻ አልተናገረም። ወጣትነት በባሕርይው መቀራረብ ሆኖ ሳለ እነዚህ ልጆች ሁሉም ነገር ተከልክለው እንደኖሩ አስታውሶ፣ ጭብጨባው በአገሪቱ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ እንዲሆን ጠየቀ። መቀራረብ ሲል የተጠቀመበት ቃል መንግሥት መጨናነቅን ለመከልከል ያስተጋባው ያው ቃል ነበር።

የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ ውድድሩ መሰረዝ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ክርክር ብዙ አያራምደንም። አዋቂ ለሚቀጥለው ዓመት ሊያሳድር የሚችለውን ነገር ተመራቂ ተማሪ ማሳደር አይችልም፤ የእርሱ ጊዜ ከመመረቂያው ቀን አያልፍም። ስለዚህ አንድን ተቋም ስትመረምሩ የዘጋውን በር ብቻ አትቁጠሩ። ከዘጋ በኋላ ለማን ምን እንዳስቀረለት፣ ማንንም እንደረሳ ጠይቁ።