የፌዝ ስምና የእድር መዝገብ



በቤልጅግ አገር በዋሎኖች ዘንድ ለአንድ ሰው በፌዝ የወጣ ስም ለዘር ተርፏል። «ሌግሮ» ማለት ወፍራሙ ነው፤ ቅድመ አያት በሆዱ የተሾፈበትን ዛሬ ቀጭኑ የልጅ ልጅ ይጠራበታል! በኋላ አገሪቱን የያዘችው ፈረንሳይ በ1794 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ስም መለወጥን ስለከለከለች በዚያው ጸና።

በእኛም አገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 ለማንም ሰው የቤተ ዘመድ ስም ይኑረው ብሎ ደነገገ። ሕዝቡ ግን በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ስለዚህ ፌዙ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ትልቅ ሰው ሲሆንማ ሳይሞትም ይገላገለዋል። ደጃች ካሳን መኳንንቱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሰደቧቸው፤ በ1847 ሲነግሡ አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። የእኛው ዋግሹም ጎበዜም በ1860 አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሆኑ። ለድሀው ግን ስም የሚያወጣለት ሰፈሩ ነው፣ በአማርኛም በኽምጣናም።

ችግሩ የሚመጣው በለቅሶ ቀን ነው። ጥሩምባ ነፊው የመዝገቡን ስም ሲጠራ «ማነው እሱ ደግሞ?» ተብሎ ቀብሩ ይሳሳል፤ የፌዙን ሲጠራ ልጆቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። እኛ የምንለው፣ ጸሐፊያችን ቅጽሉን ከስሙ ጎን ይጻፈው፤ ባለቤቱን ግን በቁሙ ይጠይቀው።