ሞሪስ ላይ የተገለበጠው ገብስ

እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ አግሮኖሚ ማኅበር መጽሔት ከሚኒሶታ የመጣ አንድ የገብስ ጥናት አተመ። አዘጋጆቹ ኢመር፣ ሄይስ እና ፓወርስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ጥያቄያቸው ገበሬ ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ የትኛው ዝርያ የት ይሻላል? አሥር የገብስ ዝርያዎችን በስድስት የምርምር ጣቢያዎች በ1931 እና በ1932 ዘርተው ከኤከር ስንት ቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) እንደተገኘ መዘገቡ። ጣቢያዎቹ ግራንድ ራፒድስ፣ ዱሉዝ፣ የዩኒቨርሲቲው እርሻ፣ ሞሪስ፣ ክሩክስተን እና ዋሴካ ነበሩ። አሥሩ ዝርያ በስድስቱ ቦታ፣ በሁለቱ ዓመት ሲባዛ 120 ቁጥር ይሆናል፤ ትንሹ 14 ቡሼል፣ ትልቁ 66 ቡሼል ገደማ ነው።

ከዝርያዎቹ መካከል በምርቱ ጎልቶ የወጣው ትሬቢ ነው። ይህን ዝርያ ከቱርክ የጥቁር ባሕር ዳርቻ ከመጣ ገብስ መርጦ ያወጣው ሃሪ ሃርላን የተባለ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ባለሙያ ነበር። ይኸው ሰው በ1923 ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከቅፍለት ጋር አገር ለአገር እየዞረ የደጋውን ገብስ ሰብስቧል። ቅጠሉን ቢጫ አድርጎ ተክሉን የሚያቀጭጨውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ዘረመልም ኋላ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

120 ቁጥር የሚያስፈራ ብዛት አይደለም፤ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይበቃዋል። ሆኖም ሠንጠረዡ በእጅጉ ታዋቂ ሆነ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1935 ስለ ሙከራ አነዳደፍ ባሳተመው መጽሐፍ ከዚሁ መረጃ ከፊሉን ወስዶ ማስተማሪያ አደረገው። ከእርሱ በኋላ የመጡ የስታቲስቲክስ ሰዎችም አማካዩን አሰሉ፣ ልዩነቱን መረመሩ፣ ቀመራቸውን ፈተኑበት። ቁጥሮቹ መሐል ግን አንድ እንግዳ ነገር ነበር፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስም ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። በመጨረሻ ገሃድ ያወጣው ቀመር አልነበረም፤ አንዱን ቻርት ስድስት ቦታ ከፍሎ፣ ስድስቱን ፓነሎች በአንድ ልኬት አቁሞ መመልከት እንጂ።

መረጃን በየቡድኑ ለይቶ በተመሳሳይ ክፈፎች መሳልን ኮምፒውተር አልፈጠረውም። ክሪስቶፍ ሻይነር የተባለ ጀርመናዊ ኢየሱሳዊ ካህን በ1611 መገባደጃ ፀሐይ ላይ ያያቸውን ጥቁር ነጠብጣቦች በ1612 ሲያሳትም፣ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ትንንሽ ክቦችን ደርድሮ የየዕለቱን ምልከታ ለየብቻ አስቀመጠ። አንባቢው ዓይኑን ከክብ ወደ ክብ ሲያሻግር ነጠብጣቦቹ በፀሐይዋ ፊት ሲጓዙ ያያል። በ1874 ደግሞ ፍራንሲስ ዎከር የ1870ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ይዞ ባወጣው የስታቲስቲክስ አትላስ ለየግዛቱ አንዳንድ አራት ማዕዘን ሠርቶ፣ ውስጡን በየሃይማኖቱ ክፍል ሸንሽኖ አሳየ። ኤድዋርድ ተፍቲ በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የአሣሣል ስልት አወድሶ ብዙ ሰው ዘንድ አደረሰው።

ችግሩ ድካሙ ነበር። እያንዳንዱን ክፈፍ በማስመሪያና በቀለም የሚሠራው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ ፓነሎቹ የሚሳሉት ተመራማሪው ነገሩን ከተረዳ በኋላ፣ ለሌላው ለማሳየት ነበር። «በጣቢያ ከፍዬ አየሁት፤ አሁን ደግሞ በዓመት ልክፈለውና ምን እንደሚመጣ ልይ» ለማለት አቅም አይፈቅድም። ለማሳየት መሳልና ለማወቅ መሳል የተለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ኮምፒውተሩን መጠበቅ ነበረበት።

በመሐል ባሉት ዓመታት መረጃን ሳይስሉ ወይም ሳይከፍሉ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች ወጡ። በ1973 ፍራንክ አንስኮም አሥራ አንድ አሥራ አንድ ነጥብ ያላቸው አራት የመረጃ ስብስቦች አዘጋጀ። በአራቱም የአግድሙ አማካይ 9፣ የቋሚው 7.5፣ ዝምድናቸውም 0.82 ገደማ ነው። በአራት ፓነል ሲሳሉ ግን አንዱ በቀጥታ መስመር ዙሪያ የተበተነ፣ ሁለተኛው እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ሦስተኛው ከመስመር በወጣች አንዲት ነጥብ የተዛባ፣ አራተኛው ከአንዲት ነጥብ በቀር ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለ1973 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ካመለከቱት ወንዶች 44 በመቶው፣ ከሴቶቹ 35 በመቶው ብቻ ተቀባይነት አገኙ። ሲታይ ግልጽ አድልዎ ይመስላል። ቢክል፣ ሃመል እና ኦኮነል በ1975 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ጉዳዩን በየትምህርት ክፍሉ ሲመረምሩት ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ከስድስቱ ትልልቅ ክፍሎች በአንደኛው ካመለከቱት 825 ወንዶች 62 በመቶው፣ ከ108ቱ ሴቶች ግን 82 በመቶው ገብተዋል። በስድስተኛው ክፍል ከ373 ወንዶች 6 በመቶ፣ ከ341 ሴቶች 7 በመቶ ያህል ነው የተቀበለው። ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ማንንም በቀላሉ ወደማይቀበሉት ክፍሎች ስለነበር ድምሩ ሌላ ወሬ አወራ። ስድስቱን ክፍሎች በስድስት ፓነል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅበትም።

መረጃን እንዲህ ከፍሎ በቀላሉ ለመሳል የሚያስችለው መሣሪያ የተሠራው ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ መሪ ሂል ላይ በሚገኘው የቤል ላብራቶሪ ነው። እዚያ በ1976 ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ ኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ጀመሩ። ባለ ሣጥኑን ግራፍ የፈለሰፈውና «መጀመሪያ መረጃውን እዩት» እያለ ሲሰብክ የኖረው ጆን ቱኪም የዚያው ቤት ሰው ነበር። በኤስ ግራፍ መሳል አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ሆነ፤ ካላማረ ሰርዞ እንደገና መሳል ይቻላል።

የቤል ላብራቶሪው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዊልያም ክሊቭላንድ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ነው። በ1984 ከሮበርት ማጊል ጋር ሆኖ ሰዎችን ግራፍ እያስነበበ ፈተነ፤ የሰው ዓይን የትኛውን በትክክል፣ የትኛውን በስሕተት ነው የሚለካው? ከሁሉ ቀዳሚ የሆነው በአንድ የጋራ መስመር ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ማወዳደር ነው። ተከታዩ፣ ጎን ለጎን ባሉ ነገር ግን ተመሳሳይ ልኬት ባላቸው መስመሮች ላይ ያሉ ነጥቦችን ማወዳደር ነው። ርዝመት፣ ማዕዘን፣ ስፋት፣ የቀለም ድምቀት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። የፓነሎች ጉልበት በዚህ ውጤት ውስጥ አለ። ልኬታቸው አንድ ከሆነ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ልኬታቸው ከተለያየ ግን ጥቅማቸው ይፈርሳል።

ክሊቭላንድ ከሪቻርድ ቤከርና ከባልደረባቸው ሹ ጋር ይህን ሐሳብ ወደ ሶፍትዌር ለወጠው፤ ስሙንም ትሬሊስ አሉት፤ ንድፉን በ1996 በጽሑፍ አስረዱ። አጠቃቀሙ አጭር ነው። ተጠቃሚው ዝርያ በምርት እንዲሳል ይጽፋል፤ ቀጥሎ አንዲት ቋሚ ሰረዝ ያሰፍራል፤ ከሰረዟ በስተቀኝ ጣቢያ ብሎ ይጨርሳል። ያቺ ሰረዝ «በየጣቢያው» ማለት ናት። ስድስቱን ፓነል መደርደር፣ ልኬታቸውን ማስተካከል፣ በየአናታቸው ስም መጻፍ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። ከሰረዟ ቀጥሎ ያለውን ቃል «ዓመት» ብሎ መቀየር ደግሞ ሌላ ቻርት፣ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

ክሊቭላንድ በ1993 ባሳተመው ቪዥዋላይዚንግ ዴታ የተሰኘ መጽሐፍ ውስጥ የሚኒሶታን ገብስ በዚህ መልክ አቀረበው። ስድስት ፓነሎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። በየፓነሉ አሥር መስመር አለ፤ በየመስመሩ ላይ ሁለት ምልክት፣ አንዱ ለ1931፣ አንዱ ለ1932። ጣቢያዎቹ በፊደል ተራ አልተሰለፉም፤ ከታች ምርቱ ዝቅተኛ የሆነው ግራንድ ራፒድስ፣ ከላይ ከፍተኛው ዋሴካ ነው። ዝርያዎቹም እንዲሁ ከስቫንሶታ እስከ ትሬቢ በምርታቸው መጠን ወጥተዋል። ይህ ቅደም ተከተል ለጌጥ የተመረጠ አይደለም። ሁሉም ነገር ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲሄድ፣ ከሥርዓቱ ያፈነገጠ ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል።

ያፈነገጠው ሞሪስ ነበር። በአምስቱ ጣቢያዎች የ1931 ምርት በጥቅሉ ከ1932ቱ ይበልጣል። ዋሴካ ላይ ማንቹሪያ የተባለው ዝርያ በ1931 48.9 ቡሼል ሰጥቶ በ1932 ወደ 33.5 ወርዷል። ሞሪስ ላይ ግን ያው ዝርያ ከ27.4 ወደ 34.4 ወጣ። ቬልቬትም ከ26.1 ወደ 38.8 ከፍ አለ። ትሬቢም ጨመረ። በሞሪስ ፓነል የሁለቱ ዓመት ምልክቶች ቦታ ተለዋውጠው ቆመዋል፤ የሁለቱን ዓመት ስም ብናቀያይራቸው ሞሪስ ከሌሎቹ ጋር ይስማማል። ክሊቭላንድም መረጃው ሲመዘገብ ዓመታቱ ሳይገለበጡ አልቀሩም ብሎ ደመደመ። ፊሸርን ያህል ሰው የሠራበት ሠንጠረዥ ስሕተት ተሸክሞ ኖሯል ማለት ነውና ወሬው በሙያው ሰዎች ዘንድ በፍጥነት ተሰማ፤ የገብሱ ቻርትም የትሬሊስ መታወቂያ ሆነ።

ትሬሊስ የሚሠራው ግን በገንዘብ በሚሸጥ የኤስ ቅጂ ላይ ነበር። መንገዱን ለሁሉም የከፈተው ሥራ ከኒውዚላንድ መጣ። የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን ኤስን የሚመስል አር የተባለ ቋንቋ ሠርተው በ1995 በነፃ ለቀቁት፤ 1.0.0 የተባለው ቅጂ በ29 ፌብሩዋሪ 2000 ወጣ። እዚያው ኦክላንድ የሚያስተምረው ፖል መረል የሥዕል መሠረቱን አነጠፈ። በእርሱ ላይ ዲፓያን ሳርካር፣ ያኔ በዊስኮንሲን ማዲሰን የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ ትሬሊስን ላቲስ በሚል ስም እንደ አዲስ ጻፈው። ላቲስ ዛሬ ከአር ጋር አብሮ ይመጣል፤ 120ዎቹ የገብስ ቁጥሮችም በውስጡ አሉ። ቡሼል ምን እንደሆነ የማያውቅ የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር ተማሪ አርን ኮምፒውተሩ ላይ ሲጭን የሚኒሶታን ገብስ አብሮ ይጭናል።

በ2007 ሌላው ኒውዚላንዳዊ ሃድሊ ዊክሃም፣ ሊላንድ ዊልኪንሰን በ1999 ባሳተመው የግራፊክስ ሰዋስው ላይ ተመሥርቶ ጂጂፕሎት2 የተባለውን የአር ጥቅል አወጣ። በዚህኛው መክፈል ፋሴት ይባላል፤ በማንኛውም ግራፍ ላይ አንድ መስመር በመጨመር ይሠራል። ፓይተን በተባለው ቋንቋም ሲቦርን የተባለው ጥቅል ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። አሠራሩ እየቀለለ ሲሄድ ግን ክሊቭላንድ የደከመበት ጥንቃቄ በቀላሉ የሚዘለል ሆነ። ጂጂፕሎት2 ካልታዘዘ በቀር ስም ብቻ የሆኑ ቡድኖችን በፊደል ተራ ያሰልፋቸዋል፤ ገብሱ በዚያ ተራ ቢሰለፍ ክሩክስተን መጀመሪያ፣ ዋሴካ መጨረሻ ይሆኑና ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ የሚወጣው መሰላል ይጠፋል። የፓነሎቹን ልኬት ለየብቻ ልቀቅ የሚል ትእዛዝም አለ። የመለኪያ አሐዳቸው ለሚለያይ ነገሮች፣ ለምሳሌ ለዝናብና ለሙቀት፣ ትእዛዙ ያስፈልጋል። የአንድ ሰብልን ምርት በየቦታው ለማወዳደር ግን ከባድ ጥፋት ነው፤ 20 ቡሼል የሰጠው ማሳና 60 የሰጠው እኩል ከፍታ ላይ ቆመው ይታያሉ፤ ከሥር የተጻፉትን ትንንሽ ቁጥሮች የማያነብ ሰውም ተሳስቶ ይሄዳል።

የሞሪስ ጉዳይ በክሊቭላንድ ፍርድ አልተዘጋም። ኬቨን ራይት የተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ በ2013 በአሜሪካን ስታቲስቲሺያን መጽሔት ላይ ነገሩን እንደገና አነሳው። ሁለቱ ዓመት ላይ ብቻ አልቆመም፤ የሚኒሶታ ጣቢያዎች ያወጧቸውን የቆዩ ዘገባዎች አገላብጦ ተጨማሪ ዓመታትንና ተጨማሪ ዝርያዎችን ሰበሰበ፤ የየቦታውን የአየር ጠባይ መዝገብም አከለበት። በዚህ ሰፊ መረጃ ላይ ፓነሎቹ ሲሳሉ፣ አንድ ጣቢያ በአንድ ዓመት ከሌሎቹ ተቃራኒ መሄዱ ሞሪስን ብቻ የገጠመ ነገር ሆኖ አልተገኘም፤ የሞሪስ ቁጥሮች ሳይገለበጡ በትክክል የተመዘገቡ ሊሆኑ እንደሚችሉም አሳየ። የሰበሰበውን የምርትና የአየር ጠባይ መረጃ አግሪዳት በተባለው የአር ጥቅል ውስጥ አስቀምጦታል፤ የፈለገ ሰው አውጥቶ በጣቢያም፣ በዓመትም፣ በዝርያም ከፍሎ ሊስለው ይችላል።